ሰርቪሱ የት ደረሰ? የግቢ ባስ አፕ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8፣ 2018

ሥራው ተጀመረ። ዩኒቨርሲቲያችን አዲስ አበባ ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ ግቢዎች አሉት፦ ዋናው ግቢ፣ ቴክኖሎጂ ግቢ፣ ጤና ግቢ። ተማሪውን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያመላልሰው ሰርቪስ ነው። ዶርሙ ዋናው ግቢ ሆኖ ላብራቶሪው ቴክኖሎጂ ግቢ የሆነ ተማሪ ኑሮው በሰርቪስ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን የሰርቪስ አፕ ልንሠራ ሦስት ሆነን ተስማምተናል። አንዷ ዲዛይኑን ይዛለች፣ አንዱ ሰርቨሩን፣ እኔ የስልኩን አፕ። ማስታወሻውን የምይዘው ከእኛ በኋላ የሚረከበው ባች ከዜሮ እንዳይጀምር ነው።

ኮድ ከመንካታችን በፊት የተማሪውን ጥያቄ ከራሱ አፍ መስማት ፈለግን። መጠይቅ መበተን ሳያስፈልግ የባቹ የቴሌግራም ግሩፕ ነበረልን፤ ወደ ኋላ እየሄድን ስለ ሰርቪስ የተጻፈውን ሁሉ አነበብን። «ሰርቪስ ወጣ እንዴ?» «የ11 ሰዓቱ ዛሬ አለ?» «ጤና ግቢ በር ላይ ያለ ሰው፣ ወረፋው እንዴት ነው?» «ሞልቶ ነው ያለፈን።» ባሱ ካርታ ላይ የትኛው ነጥብ ጋ እንዳለ የጠየቀ አንድም ሰው አላገኘንም። ሁሉም በየራሱ አነጋገር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጠብቅ ወይስ በታክሲ ልሂድ? ታክሲ ገንዘብ ያስወጣል፣ መጠበቅ ክላስ ያስቀራል። አፑ ለዚህ ጥያቄ በአንድ እይታ መልስ መስጠት አለበት። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጥቅምት 13

ስምሪት ክፍል ሄድን። ከጋራዡ አጠገብ ያለች ጠባብ ቢሮ ናት። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ ጠረጴዛው ላይ የነዳጅ ኩፖን መዝገብ አለ። ሰሌዳው ላይ በማርከር የተጻፈው የባሱ የጎን ቁጥር፣ የሾፌሩ ስምና የመነሻ ሰዓት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ቴክኖሎጂ ግቢ ስንት ሰዓት ይደርሳል?» ስንላቸው የስምሪት ኃላፊው «እኔ የማወጣው መነሻውን ነው ልጄ። መድረሻውን መንገዱ ነው የሚያውቀው» አሉን። ሰሌዳው ላይ የመድረሻ ሰዓት የሚባል አምድ የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ቁጭ ብለን ስናይ ሰሌዳው ደጋግሞ ተጠርጎ ተጻፈ። አንዱ ባስ ጋራዥ ቀረ፣ አንዱ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ዘገየ፣ አንዱ ለቀብር ታዘዘ። ኃላፊው ይህን ሁሉ ወዲያው ያውቃሉ። ፌርማታ ላይ የቆመው ተማሪ ግን አያውቅም፤ መረጃው ከዚያች ቢሮ በር አይወጣም። ከዚህ ቢሮ ይዘነው የወጣነው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ የችግሩ ግማሽ ጂፒኤስ አይፈልግም። ነጭ ሰሌዳውን ተማሪው ስልክ ላይ ማድረስ ብቻ ብዙ ሰው ከፀሐይና ከዝናብ ያድናል።

ጥቅምት 20

ሌሎች ምን እንደሠሩ ስናነብ ሰነበትን። ከሁሉ የወደድኩት ባሱ መቼ እንደሚደርስ የሚናገረውን የሲያትሉን አፕ ዋንባስአዌይን ነው። በእ.ኤ.አ. 2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በአንድ የዶክትሬት ተማሪ የተጀመረ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ኬሪ ዋትኪንስና ባልደረቦቿ በ2011 ባወጡት ጥናት አፑን የሚጠቀሙ ተሳፋሪዎች የጠበቁትን ጊዜ በአማካይ 7.5 ደቂቃ ነው ሲሉ፣ የማይጠቀሙት 9.9 ደቂቃ ብለዋል። ደስ ያለኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፦ መረጃ የሌለው ሰው የጠበቀው ጊዜ ከትክክለኛው በላይ ይረዝምበታል፤ መረጃ ያለው ሰው ግን የጠበቀውን ያህል ነው የሚሰማው። ባሱን ባናፈጥነውም ጥበቃውን ልናቀል እንችላለን ማለት ነው።

ለአካሄዳችን የሚቀርበው የናይሮቢው ዲጂታል ማታቱስ ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ማታቱ (የናይሮቢ ሚኒባስ) ላይ እየተሳፈሩ፣ ማንም በወረቀት ያላሰፈራቸውን መስመሮች መዝግበው ካርታው በእ.ኤ.አ. 2014 ወጣ። መረጃውን ያስቀመጡት ጂቲኤፍኤስ በሚባለው ቅርጽ ነው። ይህ ቅርጽ በእ.ኤ.አ. 2005 ጎግልና የፖርትላንዱ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት ትራይሜት አብረው የጀመሩት ሲሆን፣ ፌርማታው፣ መስመሩ፣ ጉዞው፣ ሰዓቱና የሥራ ቀኑ እያንዳንዱ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። በኤክሴል ተከፍቶ ሊታረም ይችላል። እኛም ይህንኑ መረጥን፤ ነገ አፑን ሌላ ሰው ከሥሩ ቢቀይረው እንኳ መረጃው ይተርፋል።

ጥቅምት 27

መስመሩን ተሳፍረን ፌርማታዎቹን መዘገብን። ከአራት ኪሎ በቀበና፣ በሾላ አድርጎ መገናኛ የሚወጣው መንገድ ላይ ሰርቪሱ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ምልክት የለውም። ተማሪው የሚያውቀው «ፋርማሲው ጋ»፣ «ድልድዩን እንደተሻገርክ» ብሎ ነው። ስሞቹን ልክ እንደሚጠሩት ጻፍናቸው። አንዳንዱ ፌርማታ ሁለት ስም አለው፤ ሲኒየሮቹ በአንዱ፣ ፍሬሾቹ በሌላው ይጠሩታል። ሁለቱንም መዘገብን፤ ሲፈለግ በሁለቱም ይገኛል።

የኮሪደር ልማቱ አንዳንድ ቦታ መንገዱን አስፍቶ መቆሚያውን አዛውሮታል። ካርታችን ማንም ገብቶ ሊያርመው የሚችለው ኦፕንስትሪትማፕ ስለሆነ አዲሱን ቅርጽ እዚያው ገብተን አረምነው። የከፈልነው ነገር የለም፤ እርማቱም ለእኛ አፕ ብቻ ሳይሆን ያንን ካርታ ለሚጠቀም ሁሉ ነው።

ለቀጣዩ ባች አንድ ማሳሰቢያ፦ የኦፕንስትሪትማፕን የካርታ ምስል ከራሳቸው ሰርቨር በጅምላ አውርዶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ በአጠቃቀም ደንባቸው የተከለከለ ነው። ጥሬ መረጃውን ወስዳችሁ የምትፈልጉትን ሰፈር ብቻ ራሳችሁ አዘጋጁ። እኛ ፒኤምታይልስ በሚባለው ቅርጽ በአንድ ፋይል ጠቅልለነዋል።

ኅዳር 3

ዲዛይነራችን የመጀመሪያውን ገጽ በወረቀት ሣለች። ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ሲከፈት ካርታ የሚያሳይ፣ ሌላው ካርታ የሌለው፣ ከላይ ወደ ታች ቀጣዮቹን ሰርቪሶች የሚዘረዝር። ካፌ ደጃፍ ቆመን ላገኘነው ተማሪ «ይሄ ስልክህ ነው ብለህ አስብ፣ ወደ ቴክኖሎጂ ግቢ ልትሄድ ነው» እያልን ወረቀቱን ሰጠን።

ካርታውን የያዘች አንዲት ፍሬሽ ያደረገችው ዓይኔ ላይ ቀርቷል። መጀመሪያ የባሷን ምልክት አየች፣ ከዚያ ራሷን ፈለገች፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በአውራ ጣቷ ለካች። ቀና ብላ «እና ይደርሳል?» አለች። ካርታው ሥራውን ለእሷ ነው የሰጣት፤ ርቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ የመብራት ማቆሚያውን አስባ መልሱን ራሷ ማውጣት ነበረባት። ዝርዝሩን ስንሰጣት ያለምንም ቃል ወረቀቱን ወደ ኪሷ እንደመክተት አድርጋ «እሺ፣ ሻይ ልጠጣ» አለች።

ስለዚህ አፑ ሲከፈት የሚታየው አንድ ሰፊ ካርድ ነው፦ ወዴት፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ ከየትኛው ፌርማታ። ከሥሩ ቀጣዮቹ ሁለት ሰርቪሶች በትንሹ ይታያሉ። ካርታው አልቀረም፤ ካርዱን ለነካ ሰው ይከፈታል። የመጀመሪያው ገጽ ከካርታ ነፃ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፦ ጥቅሉ ሊያልቅ የደረሰ ተማሪ በጥቂት ኪሎባይት መልሱን ያገኛል።

ቁልፎቹ ላይ የሚጻፈው አማርኛ አከራከረን። «ይጫኑ»፣ «ይምረጡ» የባንክ አፍ ሆነብን፤ «ምረጥ» ካልን ሴቶቹ ቀሩ። የተስማማንበት ቁልፉን ተማሪው ለአፑ የሚናገረው አድርጎ መጻፍ ነው፦ «አስታውሰኝ»፣ «ካርታውን አሳየኝ»። አጭር ነው፣ ለሴትም ለወንድም እኩል ይሠራል። ከአማርኛው ጎን አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ ይኖራሉ።

ኅዳር 6

የሰዓት ጉዳይ። ስልኩ አናት ላይ 7:30 ይላል፣ ተማሪው አፍ ላይ 1:30 ነው። ስድስት ሰዓት መቀነስ ለፕሮግራመር ቀላል ነው። ከባዱ 7:30 በሁለቱም አቆጣጠር የሚያስኬድ ሰዓት መሆኑ ነው፦ በስልኩ አቆጣጠር የጠዋት ክላስ መሄጃ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሳ በኋላ ክላስ መግቢያ። ሰርቪስ በሁለቱም ጊዜ አለ። «7:30» ብቻ ብለን ብንጽፍ ሁለት ተማሪዎች ሁለት የተለያየ ባስ ይጠብቃሉ።

ስለዚህ የትም ቦታ ባዶ ቁጥር አይታይም። «ጠዋት 1:30»፣ «ከሰዓት 7:30»፣ «ምሽት 12:45» ይባላል። ባሱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ይቀርና «ከ20 ደቂቃ በኋላ» ይላል፤ ደቂቃ በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ነው። ለውጭ አገር ተማሪዎች የ24 ሰዓቱ ምርጫ በማስተካከያው ውስጥ አለ። ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ሁልጊዜ ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ወደ ሐበሻ የሚለወጠው ለዓይን ሲቀርብ ብቻ ነው። ይህ መስመር ካልተጠበቀ ሁለት ጊዜ የተቀነሰ ሰዓት የሚባል ችግር ይመጣል፤ ምንጩን ማግኘትም አስቸጋሪ ነው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ዛሬ ዓርብ መሆኑን ስምሪት ክፍሉ አስታወሰን። ቢሮዎች ዓርብ ለምሳ የሚወጡት 5:30 ነው፤ የሚመለሱት እንደሌላው ቀን 7:30። የጁምዓ ሰላት ስላለ ነው። ሰርቪሱም በዚሁ ይሄዳል፦ በሌላው ቀን 6:30 የሚነሳው ዓርብ 5:30 ይነሳል። ከውጭ የመጣ የመርሐ ግብር አብነት «የሥራ ቀን» ብሎ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ ይጠቀልላል፤ እኛ ዓርብን ለብቻው አወጣነው።

በዓላቱንም አብረን አስገባን። መስቀል፣ ጥምቀት፣ ገና በእኛ ቀን ሲቆጠሩ ቀላል ይመስላሉ፤ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲለወጡ ግን የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ማሰብ ያስፈልጋል። ጥምቀት ዘንድሮ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ በእኛ 2016 ግን ጃንዋሪ 20 ነበር፣ 2015 ጳጉሜን 6 ስለነበራት። ገና ደግሞ ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው፦ በጎርጎርዮሳዊው ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል፣ በእኛው ታኅሣሥ 29 የነበረው በዘመነ ዮሐንስ 28 ይሆናል። መለወጫውን ስትፈትኑ በእነዚህ ቀናት ፈትኑት። ኢድ አልፈጥርና አረፋ በጨረቃ ስለሆኑ አስቀድሞ በኮድ የሚገባ ነገር የላቸውም፤ ስምሪት ክፍሉ በዋዜማው የሚያበራው ማብሪያ አደረግንላቸው።

ኅዳር 19

ባሱ የት እንዳለ ማን ይነግረናል? ሦስት መንገድ ነበር። ባሱ ላይ ሲም ያለው መከታተያ መግጠም፣ የሾፌሩን ስልክ መጠቀም፣ ወይም የተሳፋሪውን ስልክ። የተሳፋሪውን ከመጀመሪያው ጣልነው፤ የተማሪን ውሎ ቀኑን ሙሉ የሚያውቅ ሰርቨር መያዝ አንፈልግም። መግጠሚያው ዕቃ ጥሩ ነው፣ ግን በጀት ይጠይቃል። ለሙከራው ግቢው ለሾፌሮቹ የሰጣቸውን ስልክ ያዝን።

ሾፌር እየነዳ ስልክ እንዲነካ የሚያስገድድ ዲዛይን መሥራት አይገባም። «ጉዞ ጀምር» የሚል ቁልፍ የለም። የግቢዎቹ በሮች ዙሪያ የማይታይ አጥር አስምረናል፤ ስልኩ ከአጥሩ ሲወጣ ጉዞው ራሱ ይጀምራል፣ መድረሻው በር ሲገባ ራሱ ያበቃል። ሾፌሩ ጠዋት ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቶ ዳሽቦርዱ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

አንድሮይድ ከስሪት 8 ጀምሮ ከጀርባ ለሚሠራ አፕ ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚነግረው በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የሾፌሩ አፕ ማሳወቂያው ሁልጊዜ ከላይ የሚታይ፣ ፊት ለፊት የሚሠራ አገልግሎት መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ብዙዎቹ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ይዘጉታል፤ በየስልኩ ማስተካከያ ገብቶ የባትሪ ገደቡን ማንሳት ግድ ነው።

መልእክቱን የምንልከው ኤምኪውቲቲ በሚባል የመልእክት መላኪያ ዘዴ ነው። በእ.ኤ.አ. 1999 የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የተፈጠረ ስለሆነ ቀጭንና በሚቆራረጥ ኔትወርክ የሚታገሥ ነው። በየ15 ሰከንዱ አንድ መልእክት፣ መልእክቱ 200 ባይት ቢሆን፣ በሰዓት 48 ኪሎባይት ይሆናል። አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 600 ኪሎባይት አይሞላም። ሾፌሮቹን በጣም ያሳሰባቸው የዳታው ወጪ ነበር፤ ይህን ስሌት ወረቀት ላይ አስልተን ስናሳያቸው ቀለላቸው።

ኅዳር 27

ሳምንቱን የፈጀው አንድ ጉዳይ ነው። ሰርቪሱ ሲሄድም ሲመለስም በዚያው መንገድ ነው። ቀበናና ሾላ መካከል ያለ ነጥብ ሲደርሰን እየሄደ ነው ወይስ እየተመለሰ? ጂፒኤስ ሰማዩ ገለጥ ባለበት 5 ሜትር ያህል ይስታል፣ ፎቅና ዛፍ ባለበት ከዚያ በላይ። በዚያ ስህተት የመንገዱን ግራና ቀኝ መለየት አይቻልም። ለሚጠብቀው ተማሪ ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፦ አንዱ ሊደርስለት ነው፣ ሌላው መጀመሪያ ከመስመሩ ጫፍ ደርሶ መዞር አለበት።

እንዲህ ፈታነው። እያንዳንዱን ነጥብ መስመሩ ላይ እናሳርፍና ከመነሻው ያለውን ርቀት በሜትር እናወጣለን። ቁጥሩ በተከታታይ ካደገ እየሄደ ነው፣ ከቀነሰ እየተመለሰ ነው። መኪናው ትራፊክ ላይ ሲቆም ቁጥሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ የነበረውን አቅጣጫ ይዘን እንቆያለን፣ 50 ሜትር ያህል በግልጽ እስኪንቀሳቀስ አንቀይርም። አቅጣጫው በርግጠኝነት የሚቀየረው በር ላይ ያለውን አጥር ሲነካ ነው።

የመድረሻ ግምቱ ለጊዜው ቀላል ነው። መንገዱን ከፌርማታ ፌርማታ ቆራርጠን ለእያንዳንዱ ቁራጭ፣ ለቀኑ ክፍል፣ እስካሁን ከተመዘገቡት ጉዞዎች መካከለኛውን እንወስዳለን። አማካይ ሳይሆን መካከለኛው ነው የሚወሰደው፤ መገናኛ ላይ መንገድ የተዘጋበት አንድ ቀን አማካዩን ለሳምንት ያበላሸዋል።

ታኅሣሥ 5

ዛሬ የጻፍኩት ክፍል ከአፑ ሁሉ ለእኔ ዋናው ነው፦ አፑ ሳያውቅ ሲቀር ምን ይላል?

ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስልክ ይዘጋል፣ ሾፌር ይቀየራል። አብዛኛው አፕ በዚህ ጊዜ የመጨረሻውን ነጥብ እንደያዘ ይቀጥላል፤ ባሱ ቀበና ላይ ቆሞ ይታያል፣ ተማሪው አምኖ ይጠብቃል። አንድ ቀን በዚህ ምክንያት ፈተና ያረፈደ ተማሪ አፑን ዳግመኛ አይከፍተውም፤ ጓደኞቹም አይከፍቱትም።

ደንባችን ይህ ነው። መረጃው አንድ ደቂቃ ካልሞላው ግምቱ ይታያል። ከአንድ እስከ አምስት ደቂቃ ከሆነው «ከ3 ደቂቃ በፊት ቀበና ታይቷል» ይላል፣ ግምቱም ሰፋ ይላል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግምት የሚባል ነገር አይታይም፤ «ሰርቪሱ አሁን የት እንዳለ አናውቅም። በፕሮግራሙ ከዋናው ግቢ ከሰዓት 11:30 ላይ ተነስቷል» ይላል። የመመረቂያ ፕሮጀክት አማካሪያችን «አናውቅም» የሚለው ቃል አፑን ደካማ እንዳያስመስለው ሰግተው ነበር። ለተማሪዎች አሳይተን ስንጠይቅ ግን «እንዲህ ካለኝ ታክሲ እይዛለሁ» አሉ። ታክሲ መያዝም መልስ ነው።

ሌላው የግምት ሚዛን ነው። አፑ 10 ደቂቃ ብሎ ባሱ በ13 ቢመጣ ተማሪው ሦስት ደቂቃ ይቆማል። በ7 መጥቶ ቢሄድ ግን አመለጠው፤ ቀጣዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። ስለዚህ ነጠላ ቁጥር ትተን «ከ7 እስከ 12 ደቂቃ» እንላለን፣ ማስታወሻ ደወሉም የሚሰላው በትንሹ ቁጥር ነው።

ታኅሣሥ 10

ፍለጋ። ተማሪው «አራት ኪሎ»ም «4 ኪሎ»ም ይጽፋል፣ በላቲን ፊደልም ይጽፋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ለሚፈልገው ሰው አንድ ናቸው። ከማነጻጸር በፊት ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ ፊደል መመለስ ይበቃል። የሚታየው ስም ግን በትክክለኛ ፊደሉ ይቆያል።

ታኅሣሥ 16

ዓይነ ስውር ተማሪዎች ጋ ተቀመጥን። ግቢያችን ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ሰርቪስ ሲጠብቁ ደግሞ ባሱ መጥቶ መቆሙን እንኳ ከአጠገባቸው ካለ ሰው ነው የሚሰሙት።

አንደኛው ስልኩን በቶክባክ (ገጹን ጮክ ብሎ በሚያነበው የአንድሮይድ መሣሪያ) ከፍቶ አፑን ሲዳስስ ጆሯችንን አቅርበን ሰማን። እኛ በአንድ ካርድ ያየነውን እሱ በቁርጥራጭ ነው የሚሰማው፦ «ቴክኖሎጂ ግቢ»፣ ማንሸራተት፣ «7»፣ ማንሸራተት፣ «12»፣ ማንሸራተት፣ «ደቂቃ»። እዚያው ተቀምጠን ካርዱን አፑን በሠራንበት በፍላተር መርጅ ሴማንቲክስ፣ ቁርጥራጩን እንደ አንድ በሚያስነብበው፣ አሰርነውና እንደገና ሰጠነው። አሁን አንዴ ሲነካው «ወደ ቴክኖሎጂ ግቢ፣ ከ7 እስከ 12 ደቂቃ፣ ከዋናው በር» ብሎ ይወጣል። ሰረዝም ከሁለቱ ቁጥሮች መካከል አወጣን፤ ንባብ ማሽኑ ሰረዙን ዘሎ ሁለቱን ቁጥሮች አጣብቆ ያነባቸዋል። አማርኛውን የሚያነበው ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ ድምፁ ደረቅ ቢሆንም ይሰማል።

ከእነሱ የመጣ ሐሳብ አፑ ውስጥ ገብቷል፦ ከተሳፈሩ በኋላ መውረጃቸው ሲቃረብ ስልኩ ይነዝራል። ለሚያዩት ተማሪዎች ስናሳይ እነሱም ፈለጉት፤ ማታ ሰርቪስ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

«ሰዓቱን ጠብቋል»፣ «ዘግይቷል» የሚለው በቀለም ብቻ ይለይ ነበር፤ አሁን ቃሉም ይጻፋል። የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን አድርገናል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ለቆመ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። የግዕዝ ፊደል ሲያንስ የቅጥያዎቹ ምልክት ስለሚጠፋ ከ16 ያነሰ ጽሑፍ የለንም።

ታኅሣሥ 24

ከሾፌሮቹ ጋር ስብሰባ። አንድ አባት ሾፌር በግልጽ ተናገሩ፦ «ይሄ ነገር እኛን ለመቆጣጠር ከሆነ አሁኑኑ ንገሩን።» ፍርሃታቸው ልክ ነው። ከባስ ወርደው ሻይ ሲጠጡ፣ ቤታቸው ሲሄዱ ማንም ሊያያቸው አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዚያም በሚበቃው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል፤ አዋጁ ባይኖርም እንዲሁ ማድረግ ነበረብን።

የተስማማነው ተጽፎ ተፈርሟል። ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚልከው በሁለት በር መካከል፣ ጉዞ ላይ ሳለ ብቻ ነው። ተማሪው የሚያየው የባሱን የጎን ቁጥር እንጂ የሾፌሩን ስም አይደለም። ጥሬ ነጥቦቹ የቁራጭ ጊዜው ከተሰላ በኋላ ይጠፋሉ። ፍጥነት ለአስተዳደር አይተላለፍም። እኚያው ሾፌር መጨረሻ ላይ ያነሱት ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ባሱ ሲሞላ ለተማሪው ማሳወቅ ይቻል እንደሆነ። ሞልቶ ፌርማታ ማለፍ ለእሳቸውም ከባድ ነው፤ ስድቡ የሚወርደው በእሳቸው ላይ ነው።

ጥር 5

በአንድ መስመር ሙከራ ላይ ነን። ለስምሪት ክፍሉ አዲስ ሲስተም አላስለመድናቸውም፤ ኃላፊው ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ስለሆኑ ቦት ሠራንላቸው። የዕለቱ ጉዞዎች ተዘርዝረው ይመጣሉ፣ ከየጎናቸው «ተሰርዟል»፣ «ዘግይቷል»፣ «ተጨማሪ ባስ» የሚሉ ቁልፎች አሉ። ሰሌዳውን ሲጠርጉ ቁልፉን ይነካሉ፣ ተማሪው ጋ በዚያው ቅጽበት ይደርሳል። በሙከራው ከሁሉ በላይ ምስጋና ያመጣልን ይህ ነው፤ ከጂፒኤሱም በላይ።

ምሽቱን በተለይ ተከታተልን። የመጨረሻው ሰርቪስ ከቴክኖሎጂ ግቢ የሚነሳው ምሽት 1:30 ነው፤ ፌርማታው አጥር ዳር ነው፣ መብራቱ ደካማ ነው። ሴቶቹ እስካሁን ባሱ እንዳያመልጣቸው ቀደም ብለው ወጥተው እዚያ ይቆሙ ነበር። «አስታውሰኝ»ን ሲነኩ ከላይብረሪው እስከ ፌርማታው ያለውን የእግር መንገድ ጨምሮ ያሰላል፤ ባሱ ሲቃረብ «አሁን ውጪ» ሳይሆን «ከላይብረሪ መውጫ ሰዓት» ይላል። አብረውት የሚሄዱትም አንድ ላይ ደወሉ ስለሚመጣላቸው አንድ ላይ ይወጣሉ። ይህንን አላሰብነውም፤ እነሱ ናቸው ያወጡት።

የመሙላቱ ነገር ገና አልተፈታም። ረዳት በሌለበት ባስ ላይ ማን ይናገራል? ለጊዜው የተሳፈረ ተማሪ «ሞልቷል» ብሎ እንዲነካ አድርገናል፣ ከአንድ በላይ ሰው ካልነካው ግን አይታይም። እንዴት እንደሚሠራ እያየን ነው።

ጥር 15

ከጥምቀት እንደተመለስን ርክክቡን ጀመርን። ሰርቨሩ በግቢው ዳታ ሴንተር ላይ ተቀምጧል፤ ካርታውም መረጃውም ከእኛ የግል አካውንት ወጥቷል። የጂቲኤፍኤስ ፋይሎቹን ማረም ለስምሪት ክፍሉ ጸሐፊ አሳይተናታል፤ ፌርማታ መጨመርና የዓርብ ሰዓት መቀየር አሁን ያለ እኛ ትችላለች። ከሦስተኛ ዓመት ሁለት ልጆች ኮዱን ሊይዙ ፈቃደኛ ሆነዋል፤ የመጀመሪያ ሥራቸው የጤና ግቢ መስመር ነው። እዚያ ተማሪዎቹ ተረኛ ስለሚሆኑ ሌሊትም ይሳፈራሉ፣ ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት የሚያልፍ ጉዞ በየትኛው ቀን እንደሚመዘገብ መጀመሪያ መወሰን አለባቸው። ጂቲኤፍኤስ 24 ሰዓትን አልፎ 25:10 ብሎ መጻፍ ይፈቅዳል፤ በዚያ እንዲሄዱ ነግሬያቸዋለሁ። የሁለተኛው ሴሚስተር የክላስ ፕሮግራም ከሬጅስትራር እንደወጣ አዲሶቹን ሰዓቶች እናስገባለን።